የትርንጎ ንፍሮ

ከእኔ ቤት ጎን ያለው ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም አዲስ ቁልፍ ተገጥሞለታል። ሠራተኛው መጥቶ የድሮውን ነቅሎ ኮሪደሩ ላይ ሲጥለው ሰማሁ፤ ወጥቼ አላየሁም። ትርንጎ በዚያ ቤት በኖረችበት ጊዜ ያ ቁልፍ ሥራ ፈት ነበር ማለት ይቻላል። ቀን ቀን በሯን አትዘጋም። ዝጊ ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርኳት። የምትሰማ ሰው አልነበረችም። ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ እንደ እሷ ያናደደኝ ግን ጥቂት ነው። የምጽፈውም ስለዚህ ይመስለኛል።

አልሞተችም። ኮዬ ፈጬ ሄደች። ግን ከጀሞ ኮዬ ፈጬ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ በእኔ ዕድሜ ሌላ ክፍለ አገር እንደ መሄድ ነው።

እኔ ጡረተኛ ነኝ። አስካለ እባላለሁ፤ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ልጄ ጎፋ ነች፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ሰው አላስቸግርም፣ ሰውም እንዲያስቸግረኝ አልፈልግም። በዚህ ብሎክ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እንተላለፋለን። ማንም ተቀይሞ አያውቅም ነበር፤ ትርንጎ እስክትመጣ።

ከሞጣ ነው የመጡት፣ ከነባሏ። አንተነህ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ለቡ አካባቢ የሚሠሩ ፎቆች ላይ ሥራ አግኝቶ፣ ከተጋቡ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ይዟት መጣ። ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ጀሪካንና አንድ ትልቅ ድስት ይዘው ሲወጡ በበሬ ቀዳዳ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አላየሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ቀጭን፣ ጠይም፣ ዓይኗ ትልልቅ የሆነ ልጅ ቆማለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። በሁለት እጇ ያንን ትልቅ ድስት ይዛለች።

«እግዜር ያጥናዎት እትዬ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«እግዜር ያጥናዎት። ዘገየሁ፤ አይቀየሙኝ። አገሩን ስለማላውቀው ነው።»

«ማን ሞተብኝ ብለሽ ነው የኔ ልጅ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እሱንማ አላወቅሁም። ይነግሩኛል ብዬ ነው እንጂ።»

ድስቱን ከፈተችው። ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ሽምብራ፣ ገና ትኩስ። ለቅሶ ቤት የሚወሰድ ንፍሮ።

ግቢ አልኳት። ተቀምጣ ነገሩን አስረዳችኝ። ቤት ሲገቡ ማንም ብቅ አላለም። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። እንደምን አደራችሁ ስትል የሚመልስላት የለም። እሷ ባደገችበት አዲስ ሰው ሰፈር ሲገባ ጎረቤት እንጀራውንም ወጡንም ይዞ ይመጣል፤ እንግዳዋ ተቀምጣ መጠበቅ ነው። ጠበቀች። ማንም ሳይመጣ ሲቀር፣ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ክፉ ሊሆን አይችልም ብላ አሰበች። ስለዚህ ከባድ ሐዘን ላይ ናቸው፤ ከመካከላቸው ትልቅ ሰው ሞቶባቸዋል አለች። እና ንፍሮ ቀቀለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ነው የሚኖረው።»

«ሰው ሳይሞት?» አለችኝ።

ከእኔ በፊት ከላይ ጀምራ ወርዳ ኖሯል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽ ተፈራ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ደም ግፊት አለባቸው። «እግዜር ያጥናዎት» ስትላቸው የሚያውቁት ዘመድ ሁሉ በዓይናቸው ላይ ሄደ። በሩን ዘግተው እስኪመሽ ስልክ ሲደውሉ ዋሉ፤ ማን እንደ ሞተ ለማወቅ። ከታች ሱቅ ያላት ብርነሽ ደግሞ «ሟርትሽን ይዘሽ ውጪ!» ብላ አባረረቻት። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስወርድ፣ «እትዬ አስካለ፣ በቁማችን ቀበረችን እኮ! እርስዎም በሉላት አሉ ንፍሮውን» አለችኝ። እውነት ነው፤ በልቻለሁ። ጨው አንሶታል እንጂ ጥሩ ንፍሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ንፍሮ ሆነ። «ንፍሮ ወጣች?» «ንፍሮ ዛሬም በሯን ከፍታ ነው?» ብርነሽ ናት ያወጣችላት። ትርንጎ ሰምታለች፤ ግን አልተናደደችም። የሚያናድዳት ሌላ ነበር።

«አንቺ ቀድመሽ ሄደሽ ተዋወቂያቸው» ብዬ መከርኳት። «እዚህ አዲስ የገባ ነው ራሱን የሚያስተዋውቀው።»

«እኔ ነኝ እንግዳዋ! እንግዳ ይጠየቃል እንጂ ይጠይቃል እንዴ?»

«ድስት ይዘሽ የለም እንዴ ስትዞሪ የነበረው?»

«እሱማ ሐዘን ነው። ሐዘን ሌላ ነው።»

እንዲህ ነበረች። አንድ ነገር ከያዘች በሬ ጎትቶ አያስለቅቃትም። ቤተ ክርስቲያን አብረን ወደ መካኒሳ ስንሄድ ታክሲ ውስጥ እንደ ገባች ቆም ብላ «እንደምን አደራችሁ!» ትላለች፣ ለሁሉም። ሰው ስልኩን ያያል። እንደገና ትላለች። ረዳቱ «እናቴ፣ ቡራኬው ካለቀ ሒሳብ» አላት፤ ታክሲው ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። እሷ ግን «አንተ ልጅ፣ እናትህ ደኅና ናት?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ደንግጦ «ደኅና ናት» አለ። ከዚያ ሒሳቧን ከፈለች።

ጋሽ ተፈራ የልጅ ልጃቸው ልደት ላይ ብሎኩን ሁሉ ጠርተው እሷንም ጠሯት። የሕፃኑ እናት ምግብ አቅርባ «ብዪ እንጂ» አለቻት። ትርንጎ «ጠግቤአለሁ» አለች። ሴትየዋ ሳህኑን ይዛ ሄደች፤ አበቃ። ትርንጎ የሰው አፍ እያየች ተቀምጣ፣ ተርባ ወጣች። ደረጃው ላይ «በሞቴ እንኳ አላለችኝም» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንዴ ሲጠየቅ እሺ ይባላል አልኳት። «ሆዳም ልባል?» አለች። ቤቴ አስገብቼ አበላኋት። እኔም ሦስቴ በሞቴ ማለት ነበረብኝ፤ አለበለዚያ አትበላም። በራሴ ቤት፣ በራሴ ወጥ።

አንተነህ ግን ቶሎ ለመደ። ከሥራ ሲመለስ ጉልበቱ በሲሚንቶ ነጭ ሆኖ፣ ድክም ብሎት፣ መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን መዝጋት ነው። «ኖርማል ነው» ማለት ተማረ። «ፈታ በይ» ይላታል። የእሱም ነገር አያስፈርድም፤ ሰው ሚስቱን ንፍሮ እያለ ሲስቅ የሚሰማ ባል ነው። በግድግዳው በኩል ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል። ይህ ብሎክ ሲሠራ ግድግዳውን በቁጠባ ነው የሠሩት።

አንድ ቀን ጋዝ የተሞላ ሲሊንደሯን ወሰዱባት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በተከፈተው በር። ይበልሽ አላልኩም። ግን አሁን ትማራለች አልኩ። በማግስቱ በሩ ክፍት ነው። «የወሰደው ሰው ቢጸጸትና ይዞ ቢመጣ ዝግ ሆኖ ያግኘው?» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ በሬን ቆለፍኩ።

ከዚያ አረገዘች።

በአገራቸው የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ምጧ ሲቃረብ ሴቲቱ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ እዚያ ታርሳ፣ ክርስትና አስነስታ ትመለሳለች። ይህን በተመለከተ ክርክር የለም። አንተነህም መጀመሪያ ላይ እሺ ብሎ ነበር። ትርንጎ የሕፃን ልብስ አጥባ አጣጥፋ፣ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ እንድትሄድ ተነጋግረው፣ ቀኑን እየጠበቀች ነበር። ያን ጊዜ ነው ፊቷ ፈታ ሲል ያየሁት። «እዚህ ብወልድ ማን እልል ይልልኛል እትዬ? ግድግዳው?» ትለኝ ነበር።

አንድ ምሽት አንተነህ ሐሳቡን ለወጠ። አትሄጂም አላት። መንገዱ ይንጣል አለ። ሐኪም ቤት እዚህ ይሻላል አለ። የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እውነቱን የሚናገር ሰው አነጋገር አልነበረም። እሷ ስትጮህ፣ እሱ ዝም ሲል፣ እንደገና ስትጮህ ሰማሁ። በማግስቱ ወደ እኔ መጣች። «ከተማ በላብኝ እትዬ» አለች። «ይሄ እኔ ያገባሁት ሰው አይደለም። እናቴንም ረሳት።»

ተናደድኩበት። በሰው ትዳር የመግባት ልማድ የለኝም፤ ግን ነገሩ ልክ አልነበረም። እሷ ጤና ጣቢያ ለክትትል በሄደችበት ቀን ከሥራ ቀርቶ በሬን አንኳኳ። ልናገረው የተዘጋጀሁትን ሳልጀምር፣ «እትዬ፣ እናቷ አርፈዋል» አለኝ።

ቁጭ አለ፤ ወንበር ሳልሰጠው። ዘመዶቹ ናቸው ደውለው የነገሩት። ተቀብረዋል። የአገር ሽማግሌዎች ያሉት አንድ ነው፤ ነፍሰ ጡር ናትና እስክትገላገልና እስክትጠና እንዳትሰማ። ታላቅ እህቷ ስልኩን ይዛለች፤ ትርንጎ ስትደውል «እናታችን ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም» ትላታለች። ሞጣ ከሄደች ግን ከአውቶቡስ ስትወርድ የመጀመሪያው ሰው ያረዳታል።

«ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አልኩት። ደረቅ አነጋገር እንደሆነ አውቃለሁ።

«መርዶ አለብኝ እትዬ። ጊዜው ሲደርስ ማለቴ ነው። በእኛ አገር መርዶ በሌሊት ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገር። አንድ ሰው አይናገረውም፤ ባል ብቻውን አይናገረውም። እኔ እዚህ ሰው የለኝም። የማውቀው ፎርማኑን ብቻ ነው።»

እኔም ሰው የለኝም ልለው ነበር። እዚህ ብሎክ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ የጎረቤት ቤት የገባሁት ያን ልደት ብቻ ነው። እናስብበታለን ብዬ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ በትርንጎ እናት ላይ ሁሉ ተናደድኩ፤ በማላውቃቸው ሴት፣ በዚህ ጊዜ በመሞታቸው።

ትርንጎ የምትጠብቅ ሰው አልነበረችም። ሳምንትም አልቆየች፤ ጠዋት ዳቦ ይዤ ስመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት። ሆዷን አስቀድማ፣ በጋቢ የተቋጠረ ዕቃ ይዛ፣ ከፊቷ ጥቂት ሰው ብቻ ቀርቷል።

«ወዴት ነው?»

«አውቶቡስ ተራ። እናቴ ዘንድ።»

«አንተነህ ያውቃል?»

«ማታ ሲገባ ያውቃል።»

ታክሲው መጣ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እጇን ያዝኩ። ከኋላዋ ያለ ሰው «እማማ፣ ሰልፍ ነው፣ ከኋላ ይያዙ» አለኝ። ቢመክሯት አትሰማም፣ ቢቆጧት አትሰማም፤ እውነቱ ደግሞ ጥርሴ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ይህች ልጅ ለቅሶና በሽተኛ ትታ አትሄድም። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩና «ወገቤን» አልኳት።

«ምን ሆኑ?»

«ወገቤን ያዘኝ። መነሣት አልቻልኩም። ቤት ማንም የለኝም ትርንጎ።»

ሰው ለምኜ አላውቅም። በውሸት መለመንም እንደ እውነቱ ያሳፍራል።

ታክሲውን አየች፤ እኔን አየች። ከሰልፉ ወጣች። «ነገ እሄዳለሁ» እያለች ደግፋ፣ እሷ ነፍሰ ጡሯ፣ ሦስተኛ ፎቅ አወጣችኝ።

ነገም ወገቤን አመመኝ፤ ከነገ ወዲያም። ጤነኛ ሰው ሲታመም እንዴት እንደሚደክም የሚያውቅ የለም። በጀርባዬ ተኝቼ ጣራ አያለሁ። ልነሣ ስል «ይተኙ!» ትላለች። ጠዋትና ማታ ወገቤን ቅቤ ትቀባኛለች፤ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ፣ አንሶላዬ ተበላሸ። በሬንም ከፈተችው፤ «በሽተኛ በዝግ ቤት አይተኛም» ብላ። ልጄ እሑድ መጥታ ሐኪም ቤት ወስጄ ራጅ ላስነሳሽ ስትል ለእሷም መናገር ግድ ሆነብኝ። ሳቀችብኝ፣ ቀጥላ አለቀሰች። አንተነህ ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ «ተሻለዎት?» ይለኛል፤ ምን እንደሚያመኝ እያወቀ።

ትርንጎ በዚህም አልበቃትም። ጎረቤት ሊጠይቀኝ አለመምጣቱን አየች። በየበሩ ሄደች፤ ሐዘንና በሽታ ሌላ ነውና።

ብርነሽ ብርቱካን በፌስታል ይዛ ገባች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ንፍሮ ሰደበችኝ እኮ እትዬ አስካለ! ሱቄ ድረስ መጥታ፣ ደንበኛ እያለ፣ አሮጊት ከበላይሽ አልጋ ላይ ወድቃ አንቺ ስኳር ትመዝኛለሽ አለችኝ!»

«አሮጊት አለችኝ?»

«እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ትርንጎ በዚያ ሰዓት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር፤ የፈረቃችን ቀን ነው። በሩን ገፋ አድርጊው አልኩና ለብርነሽ ነገርኳት። ብርቱካኑን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። «እኔ ሟርተኛ ያልኳት እናቷ እየሞተችባት ነው?» አለች። ያኔ አልሞቱም ነበር አልኳት፤ አልሰማችኝም።

ጋሽ ተፈራም መጡ፤ ተቆጥታቸው ነው የመጡት፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ። ለእሳቸውም ነገርኳቸው። መርዶውን ማን ይናገራል ሲሉኝ እርስዎ አልኳቸው፤ ኮሚቴ ነዎት። «የኮሚቴ ሥራ የውኃ ሞተር ነው ወይዘሮ አስካለ» አሉ። ግን እምቢ አላሉም። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ትርንጎ እየተቆጣች የምትልክልኝን ሰው ሁሉ፣ እኔ በተኛሁበት እየነገርኩ ለእሷው ለቅሶ አዘጋጀሁ። ብሎኩ ሁሉ አወቀ፤ ከእሷ በቀር። ንፍሮ የሚላትም ጠፋ። ስታልፍ ስሟን ጠርተው ሰላም ይሏታል። «እዩ እትዬ፣ እየለመዱኝ ነው» ትለኛለች። ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

ምጧ ማለዳ መጣ። ወገቤ ያን ቀን ዳነ፤ ማንም አልጠየቀኝም። አንተነህ ታክሲ ኮንትራት ይዞ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ እኔም ብርነሽም። ሴት ልጅ ወለደች። ቤት ስንመለስ እልልታው ከምድር ቤት ጀመረ፤ በየፎቁ ኮሪደር ላይ ሴቶች ቆመው ነበር። ገንፎውን ብርነሽ ናት ያገነፋችው፤ ሱቋን ዘግታ። ትርንጎ አልጋዋ ላይ ሆና «እናቴ ይህን ብታይ» አለች። ቀጥላ፣ «አሁንማ ከጠበል ወጥታለች፤ ደውልልኝ» አለችው አንተነህን። ኔትወርክ የለም አላት። በሌላ ቀንም ኔትወርክ የለም። ከዚያ መጠየቅ ተወች። መጠየቋን ከመተዋ በፊት ያን ያህል አልፈራሁም ነበር።

ልጅቱ ሰማንያዋ ደርሶ ክርስትና ተነሣች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ቆረጥን።

ጎህ ሳይቀድ ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ተፈራ ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት፣ እኔ ከጎናቸው፣ ብርነሽ ከኋላ። ሌሎችም ደረጃው ድረስ ቆመዋል። ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። አንተነህ ከውስጥ በሩን ሊከፍትልን ነበር። እሷ ቀደመችው፤ ልጅቱን ለማጥባት ነቅታ ኖሯል፣ እንደ ልማዷ በሩን ልትከፍት መጣች።

ከፈተችና አየችን። አንድ በአንድ አየችን። ጋሽ ተፈራ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያጠኑት ሁሉ ጠፋቸው።

«ማን ነው የሞተው?» አለች።

ብርነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ከእናንተ ነው?» ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «ከእናንተ ነው አይደል?»

ያኔ እኔን አየችኝ። «እትዬ» አለችኝ፣ «ወገብዎን አላመመዎትም ነበር።»

«አላመመኝም የኔ ልጅ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። እናቱን የቀበረ ያውቀዋል።

ቤቷ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አላጣም። ሁሉም መጣ፤ አምስተኛ ፎቅ ያሉት፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ጭምር። ንፍሮው በብርነሽ ድስት ተቀቀለ፣ በትርንጎ ድስት ቀረበ። በመጨረሻው ቀን ትርንጎ ፍራሽ ላይ እንደ ተቀመጠች ቀና ብላ ቤት የሞላውን ሰው አየች። ለቅሶው አድክሟት ድምፅዋ ሻክሯል። «መምጣቱንስ ታውቁበታላችሁ» አለች። «ሰው እስኪሞት ነበር ለካ የምትጠብቁት።» ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ጋሽ ተፈራ ኮፍያቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ።

ሰው ሲበተን በሯን ዘጋች።

በማግስቱም ዝግ ነበር። በሳምንቱም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ራሷን ነቅነቅ አድርጋኝ አለፈች፤ ልክ እንደ እኛ። አንተነህ ደስ ብሎታል። «አሁን ለመደች እትዬ» አለኝ። ልጁን በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ዝጊ ስላት የኖርኩት እኔ፣ ጠዋት ጠዋት ስወጣ ያንን የተዘጋ በር ማየት አቃተኝ። ተሳስተዋል ብትለኝ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለመማር ከዚያ ሁሉ ትምህርት ይህን መረጠች።

አንድ የውኃ ፈረቃ ቀን አርፍጄ ስነሣ ጀሪካኖቼ በሬ ላይ ሞልተው ተደርድረዋል። ማን እንደ ቀዳቸው አልጠየቅሁም። ከሰዓት በኋላ ስወጣ በሯ ገርበብ ብሏል፤ ክፍት አይደለም፣ ዝግም አይደለም። ገባሁ። ልጅቱን ሰጠችኝና ሽንኩርት መክተፍ ቀጠለች። «ቅቤው ግን ጠቅሞዎታል» አለች፣ ሳትዞር። «ፊትዎ ፈክቶ ነበር።»

ብዙም አልቆዩም። አከራዩ ልጁን ሊድር ነው፣ ቤቱን ፈለገው። በጀሞም በመካኒሳም ቢፈልጉ የሚሆን አላገኙም፤ ኮዬ ፈጬ ተገኘ። ስንት መከራ አይታ የለመደችውን ብሎክ ትታ፣ እንደገና ከአንድ። አዲስ አበባ ለወጣት ባልና ሚስት የምታደርገው ይህን ነው፤ መልመድን አስተምራ ስትጨርስ ታስለቅቃለች። ዕቃው ሲወርድ ብርነሽ ሱቋ በር ላይ ቆማ «ንፍሮ፣ እዚያም ሄደሽ ሰው አስደንግጪ!» ብላ ጮኸችላት፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ገባች።

ትርንጎ ስልክ መሙላት ትረሳለች፤ ስደውል አይነሣም። በመጨረሻ ራሷ ደወለች። ቤቱ እንዴት ነው አልኳት።

«ቤቱ ደኅና ነው እትዬ። ግን እዚህም ሁሉም ሰው ሞቶበታል።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ድስቱን ጥጄዋለሁ።»

አሁን እሷ ቤት ሌላ ባልና ሚስት ገብተዋል፤ ከደሴ ናቸው ይላል ብርነሽ ያጣራችው። ልጆች ናቸው። ሴትየዋን አንዴ ደረጃ ላይ አይቻታለሁ፤ አንገቷን ደፍታ አለፈች። አዲሱ ቁልፍ ከረር ብሎ ሲዘጋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጥቂት ቀን ዝም አልኩ። ወገቤን ደግሞ ሰሞኑን የእውነት ያመኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ትናንት ዳቦ ደፋሁ። በሳህን አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ፣ ሄጄ አንኳኳሁ። ብዙ ቆየ። ልጅቱ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጋ፣ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥላ ነጠላዬን፣ ቀጥላ ሳህኑን አየች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ምነው እማማ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ጎረቤትሽ ነኝ።»